ለተማሪዎች የተዘጋጀ የቆሻሻ መለያና የብስባሽ ማዕከል ጉብኝት፦ የአንድ መምህር ግምገማ

የሳይንስ መምህር እንደመሆኔ ከስድስተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ጋር የተካፈልኩበት ይህ የትምህርት ጉብኝት ግማሽ ቀን የሚፈጅ ሲሆን፣ ተማሪዎቹን በመጀመሪያ ወደ ቆሻሻ መለያ ጣቢያው፣ ቀጥሎ ወደ ብስባሽ ማዘጋጃው፣ በመጨረሻም ወደ ቆሻሻ መቅበሪያው ይወስዳቸዋል። ፍርዴን አስቀድሜ ለመናገር ያህል፣ የብስባሹ ክፍል ብቻውን ለጉዞው የሚወጣውን ጊዜና ድካም ያካክሳል። የመለያ ጣቢያውም ጥሩ ነው፤ መቅበሪያው ግን ሊሰጠው ይችል የነበረውን ትምህርት ሳይሰጥ ቀርቷል።

በመለያ ጣቢያው ተማሪዎቹ በመስታወት በተከለለ ሰገነት ላይ ቆመው ካርቶን፣ ጠርሙስ፣ ጣሳና ፕላስቲክ ተደባልቀው በማጓጓዣ ቀበቶ ላይ ሲያልፉ ይመለከታሉ። ማግኔቱ የብረት ጣሳዎችን ከመካከል መንጠቁ ደስ አሰኝቷቸዋል፤ ይበልጥ ያስገረማቸው ግን ማግኔት የማይስበው አሉሚኒየም በፍጥነት የሚሽከረከር የማግኔት ከበሮ ዘንድ ሲደርስ ተፈናጥሮ ለብቻው መውደቁ ነበር። አስጎብኚዋም ተለዋዋጩ መግነጢሳዊ መስክ በአሉሚኒየሙ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጅረት እንደሚፈጥር፣ ጅረቱም የራሱን መስክ ፈጥሮ ከከበሮው ጋር እንደሚገፋፋ በልጆች አቅም በሚገባ አስረድተዋል። ከማዕድን አዲስ ከማምረት ይልቅ አሮጌውን አሉሚኒየም ማቅለጥ እስከ 95 በመቶ የሚደርስ ኃይል እንደሚቆጥብም ያነሡት ተማሪዎቹ ጣሳዎቹን እያዩ ሳለ ስለሆነ፣ ቁጥሩ በአእምሯቸው ቀርቷል። በመለያው መስመር ላይ ከሚሠሩት ሠራተኞች አንዱ ወጥተው፣ ስስ የፕላስቲክ ከረጢት በማሽኑ ዘንግ ላይ ተጠምጥሞ ሥራ እንደሚያስቆም፣ ከቆሻሻ ጋር የተጣለ የሊትየም ባትሪም ሲጨፈለቅ እሳት እንደሚያስነሣ የተናገሩት ደግሞ ከየትኛውም ፖስተር የበለጠ ተሰሚነት አግኝቷል። እንዲህ ያለው የሠራተኞች ንግግር በፕሮግራሙ ውስጥ ቋሚ ቦታ ሊሰጠው ይገባል።

በዚህ ክፍል ቅር ያሰኘኝ ማንኛውም ፕላስቲክ ተመልሶ አዲስ ዕቃ እንደሚሆን የሚያስመስለው የግድግዳ ሥዕል ነው። በፕላስቲክ ዕቃዎች ሥር የሚታተመው ከ1 እስከ 7 ያለው ቁጥር እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣ የፕላስቲኩን ዓይነት የሚያመለክት መለያ እንጂ ዕቃው ተመልሶ እንደሚመረት የሚያረጋግጥ ምልክት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ሰፊ ጥናት እስከ 2015 ድረስ በዓለም ከተጣለው ፕላስቲክ ዳግም የተመረተው 9 በመቶ ያህሉ ብቻ መሆኑን አስልቷል። የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ይህን እውነት ለመስማት አያንስም፤ እንዲያውም ከመጀመሪያው በትንሹ መጠቀም ለምን እንደሚቀድም የሚገባው ያን ጊዜ ነው።

የብስባሽ ማዘጋጃው ግን ሌላ ነው፤ እዚያ ተማሪው ተመልካች መሆኑ ይቀርና ሠሪ ይሆናል። በቡድን ተከፋፍለው ካርቦን የሚበዛበትን ደረቅ ቅጠልና ሰጋቱራ ናይትሮጅን ከሚበዛበት አዲስ የታጨደ ሣርና የአትክልት ትርፍራፊ ጋር አደባለቁ፤ ውሃ ጨመሩ፤ ከዚያም ድብልቁን በእጃቸው ጨብጠው ጥቂት ጠብታ ብቻ ሲወጣው እርጥበቱ መመጠኑን አወቁ። የካርቦኑ መጠን የናይትሮጅኑን ከ25 እስከ 30 እጥፍ ያህል መሆን እንዳለበት የተነገራቸው ከዚህ በኋላ ነበር፤ ቅደም ተከተሉም ትክክል ነው፣ ምክንያቱም ቁጥሩ እጃቸው የሚያውቀውን ነገር የሚያብራራ ሆኖላቸዋል።

ከትልቁ ክምር እንፋሎት ሲወጣ ያየች አንዲት ተማሪ ከሥሩ እሳት ይነድ እንደሆነ ጠየቀች። አስጎብኚዋ መልሱን አልነገሯትም፤ ረጅሙን ቴርሞሜትር ሰጥተው አዲሱንም፣ ወራት ያስቆጠረውንም ክምር እንድትለካ አደረጉ። አዲሱ ከ55 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲያሳይ፣ የቆየው ከአካባቢው አየር ብዙም አልራቀም። ሙቀቱ ምግብ ከሚያብላሉ ረቂቅ ተሕዋስያን እንደሚመጣ፣ የሚበሉት ሲያልቅም ክምሩ እንደሚቀዘቅዝ ተማሪዎቹ ራሳቸው ተከራክረው ደረሱበት። ክምሩን ማገላበጥ ኦክስጅን ለማስገባት መሆኑን፣ የበሰበሰ ዕንቁላል የሚመስል ሽታ የአየር ማነስን፣ የአሞኒያ ሽታ ደግሞ የናይትሮጅን መብዛትን እንደሚናገርም በአፍንጫቸው ተማሩ። የበሰለውን ብስባሽ ሲነፉ በወንፊቱ ላይ የቀሩት የፕላስቲክ ቁርጥራጮችም ቆሻሻን ከምንጩ መለየት ለምን እንደሚያስፈልግ ያለ ማብራሪያ አሳይተዋቸዋል።

ከዚህ በኋላ መቅበሪያውን ከአውቶቡስ ሳይወርዱ በመስኮት ብቻ እንዲያዩ መደረጉ አሳዝኖኛል። ከመሬት የሚወጡት ቧንቧዎች ምን እንደሚሠሩ የጠየቁ ተማሪዎች ነበሩ፤ በቂ መልስ ግን አላገኙም። ጥቂት ደቂቃ ቢሰጠው ከብስባሹ ጋር የሚያያዘው ትልቁ ነጥብ እዚህ ነበር፦ ያው የምግብ ትርፍራፊ አየር ሲያገኝ በዋናነት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲያወጣ፣ ያለ አየር ሲቀበር ግን በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ 28 እጥፍ የሚጠጋ የማሞቅ ኃይል ያለው ሚቴን ይፈጥራል፤ ቧንቧዎቹም ይህን ጋዝ ለመሰብሰብ የተተከሉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1973 በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ የቆሻሻ ጥናት የጀመሩት ተመራማሪዎች፣ በኋላ መቅበሪያዎችን ሲቆፍሩ ከአሥርት ዓመታት በኋላም ሊነበቡ የሚችሉ ጋዜጦችን ማግኘታቸው ቢነገራቸው ኖሮ፣ የተቀበረ ነገር ሁሉ ቶሎ ይበሰብሳል የሚለው ግምት በአንድ ምሳሌ በተነሣላቸው ነበር።

ጉብኝቱን ለሚያስቡ መምህራን፣ የመለያ ጣቢያው ጫጫታ ከባድ ስለሆነ ተማሪዎቹ በትንንሽ ቡድን እንዲገቡ አስቀድመው ይስማሙ። ክምሩ ሲገላበጥ የሻጋታ ብናኝ ስለሚነሣ አስም ያለባቸው ልጆች ራቅ ብለው ይቁሙ፤ ሁሉም ጣቶችን የሚሸፍን ጫማ ያድርጉ፣ ሲጨርሱም እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ። ከጉዞው በፊት ክፍሉ በሳምንት የሚጥለውን ቆሻሻ በዓይነት ለይቶ መመዘንና ከጉዞው በኋላ መድገምም ጠቃሚ ነው። ከአምስተኛ ክፍል በታች ላሉት የብስባሹን ክፍል ብቻ መርጬ እወስዳቸው ነበር። እኔ ለሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎቼ ጉብኝቱን በድጋሚ ጠይቄያለሁ፤ በመቅበሪያው ላይ ወርዶ የሚያስረዳ ሰው እንዲመደብልንም በማመልከቻዬ ላይ አስፍሬያለሁ።