ከፒያሳ የገዛሁት «የአንጎል ዕድገት» እንክብል

ፒያሳ ከሚገኝ አንድ የመዋቢያና የተጨማሪ ምግብ ሱቅ፣ «የአንጎል የዕድገት ፋክተርን ከፍ በማድረግ ክብደት ይቀንሳል፣ ቁጣ ያበርዳል» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበትን ባለ 60 ፍሬ ብልቃጥ በ2,400 ብር ገዝቼ፣ ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ፍሬ ለአንድ ወር ዋጥሁ። ስጀምር ከሱቁ ደጃፍ ሚዛን ይዞ ከሚቀመጠው ልጅ ዘንድ 84 ኪሎ ነበርኩ፤ በወሩ መጨረሻ እዚያው ሚዛን ላይ ስወጣ ልጁ ጎንበስ ብሎ አይቶ «ሰማንያ አራት ከግማሽ» አለኝ። ስለ ቁጣዬ ምስክርነቱን ለቤተሰቤ ትቻለሁ።

የሚያበሳጨኝ፣ ጽሑፉ የተንጠለጠለበት ሳይንስ እውነተኛ መሆኑ ነው። ብልቃጡ «የአንጎል የዕድገት ፋክተር» የሚለው፣ ቢዲኤንኤፍ የተባለው ፕሮቲን እ.ኤ.አ. በ1982 ከአሳማ አንጎል ተለይቶ የወጣ ሲሆን፣ የነርቭ ሴሎችን በሕይወት ከማቆየቱ ሌላ፣ ሃይፖታላመስ በተባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ የጥጋብን መልእክት ከሚያደርሱት አንዱ ነው። የዚህ ፕሮቲን ዘረመል ከሁለቱ ቅጂዎች አንዱ የጎደለባቸው አይጦች ያለ ልክ ይበላሉ፣ ይወፍራሉ፣ ወንዶቹም ጠበኛ ይሆናሉ። ሐኪሞች አንዱ ቅጂ የተቋረጠባትን የ8 ዓመት ልጅ ሲመረምሩም የማይጠግብ ረሃብ፣ ከባድ ውፍረትና ቅብጥብጥነት በአንድነት አግኝተውባታል። ክብደትና ጠባይ በአንድ ገመድ መታሰራቸው እንግዲህ የሻጭ ፈጠራ አይደለም።

ይሁን እንጂ ፕሮቲኑ ራሱ ቢዋጥ እንኳ አንጀት እንደ ሥጋ ይፈጨዋል። ሲኤንቲኤፍ የተባለው ሌላ ፋክተር በመርፌ የተሰጣቸው የነርቭ ሕመምተኞች ሳይታሰብ ከስተው ነበር፤ ከእርሱ የተሠራው የውፍረት መድኃኒት ግን የብዙ ሰዎች ሰውነት ፀረ እንግዳ አካል ስላመነጨበት ገበያ ሳይደርስ ቀርቷል። በእኔ ብልቃጥ ውስጥ ደግሞ የሁለቱም ፋክተሮች ዘር የለም፤ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን በማጉያ መነጽር ሳነብ ዋናው ነገር የቡና ገለፈት ዱቄት ነው። በቡና አገር፣ ገለፈት በውጭ አገር ብልቃጥ ታሽጎ በ2,400 ብር!

ለሱቁ የማመሰግነው ደረሰኝ ሳልጠይቅ መስጠቱንና የማብቂያ ቀኑ በግልጽ መነበቡን ነው። ባዶውን ብልቃጥ ይዤ ስመለስ ግን ሻጩ ወጣት በትሕትና «ማዘር፣ ሦስት ወር ካልወሰዱት አይሠራም» ብሎ ሁለተኛውን አቀረበልኝ። ሦስት ወር የሚል ቃል በብልቃጡ ላይም ሆነ በካርቶኑ ላይ አልተጻፈም።