ቱናን በኅብረት መሸጥ ወይስ በየግል?

ቱና የሚባለው ዓሣ የአገር ድንበር አያውቅም። ዛሬ እዚህ፣ ከርሞ ጎረቤት ውሃ ውስጥ ነው። ታዲያ ለባዕድ መርከቦች ፈቃድ እንዴት ይሸጥ?

ፓስፊክ ላይ የናውሩ ስምምነት የሚባል የደሴት አገሮች ኅብረት አለ። ኪሪባቲና ፓፑዋ ኒው ጊኒን ጨምሮ ስምንት አባላት አሉት። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የሚሸጡት የማጥመጃ ቀን ነው፤ ማለትም አንድ መርከብ በውሃቸው ለአንድ ቀን እንዲያጠምድ መብት። የዓመቱን ጠቅላላ ቀን አብረው ይወስናሉ፣ ይከፋፈሉታል፣ ዝቅተኛ ዋጋም ይቆርጣሉ፦ በ2015 በቀን 8,000 ዶላር ነበር። ስለዚህ የመርከብ ባለቤት አንዱን ደሴት ከሌላው እያማረጠ ዋጋ መስበር አልቻለም። በ2010 ወደ 60 ሚሊዮን ዶላር የነበረው ዓመታዊ ገቢ ከአሥር ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ግማሽ ቢሊዮን ተጠጋ። ቀላል ነገር አይደለም!

ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ግን ሲሼልስ፣ ማዳጋስካርና ሞሪሸስ ከአውሮፓ ኅብረት ጋር የሚዋዋሉት በየግላቸው ነው። እርግጥ የውቅያኖሱን ቱና አጠማመድ የሚወስን የጋራ ኮሚሽን አለ። ችግሩ፣ ውሳኔው ያልጣመው አባል ተቃውሞ አስገብቶ ከግዴታው ይወጣል።

እኔ የፓስፊኩን እመርጣለሁ። ግን እንዳለ አይቀዳም። እዚያ ብዙው ቱና የሚጠመደው በአባላቱ ውሃ ውስጥ ነው፤ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ክፍት ባሕሩም ትናንሽ ጀልባዎችም ብዙ ይይዛሉ። ደግሞ ቀን መሸጥም ቀዳዳ አለው፦ መርከቡ በዘመነ ቁጥር በዚያው አንድ ቀን የሚያፍሰው ዓሣ ይጨምራል።