ጊር፦ የእስያ አንበሳ በዱር የቀረበት ደን

በምዕራብ ሕንድ ጉጃራት ወደሚገኘው የጊር ብሔራዊ ፓርክና የዱር እንስሳት መጠለያ የሚሄድ ጎብኚ ከሁሉ በፊት ሊለየው የሚገባ ነገር አለ። በሳሳን መንደር «የአንበሳ ጉብኝት» ተብለው የሚቀርቡት ሁለት ናቸው። አንዱ ፈቃድ አውጥቶ በክፍት ጂፕ ወደ ደኑ መግባት ሲሆን፣ ሌላው ከመንደሩ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኘው፣ ዙሪያው በታጠረው የዴቫሊያ ክልል በአውቶቡስ መዘዋወር ነው። በዴቫሊያ አንበሳ የማየት ዕድሉ ከፍተኛ በመሆኑ ትንንሽ ልጆች ወይም አረጋውያን ይዞ ለሚጓዝ ሰው ይመቻል። አቅሙና ጊዜው ላለው ጎብኚ ግን ያን ሁሉ መንገድ ተጉዞ በአጥር ውስጥ ያለ አንበሳ ብቻ አይቶ መመለስ ኪሳራ ነው ብዬ አምናለሁ።

የእስያ አንበሳ በአንድ ወቅት ከመካከለኛው ምሥራቅ እስከ ሰሜን ሕንድ ይኖር ነበር። በአደን ምክንያት ከሌላው ስፍራ ሁሉ ሲጠፋ በዚህ አካባቢ ሊተርፍ የቻለው ናዋብ የሚባሉት የጁናጋድ ገዥዎች በግዛታቸው እንዳይታደን ስለጠበቁት ነው። ደኑ እ.ኤ.አ. በ1965 የዱር እንስሳት መጠለያ፣ ማዕከላዊ ክፍሉ ደግሞ በ1975 ብሔራዊ ፓርክ ሆኗል። በድምሩ ወደ 1,412 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይሸፍናል።

ፈቃዱ የሚገኘው በግዛቱ የደን መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ሲሆን፣ አንዱ ፈቃድ ለአንድ ተሽከርካሪና እስከ 6 ለሚደርሱ ጎብኚዎች ያገለግላል። የጂፑና የአስጎብኚው ክፍያ ለብቻው የሚፈጸም ነው፤ የውጭ ዜጋ ከሕንዳውያን በብዙ እጥፍ ስለሚከፍል ወጪውን አስቀድሞ ማስላት ያስፈልጋል። በተመዘገበበት ስም የወጣ ፓስፖርት ካልተያዘ መግባት አይቻልም። በበዓላት ሰሞን ፈቃዱ ቶሎ ስለሚያልቅ፣ ቀኑ እንደተቆረጠ ማስያዝ ይበጃል።

ወደ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ጂፕ የተመደበለትን መንገድ ብቻ ይከተላል፤ ከዚያ መውጣትም ሆነ ከመኪና መውረድ ክልክል ነው። መጀመሪያ ላይ ይህ ደንብ ጎብኚውን የሚያጠብበው ሊመስል ይችላል፤ የደኑ ጸጥታ ተጠብቆ የቆየው ግን በእርሱ ነው። እኔ በገባሁበት ማለዳ አስጎብኚው ብዙውን ጊዜ ያሳለፈው በማየት ሳይሆን በመስማት ነበር። ቺታል የሚባለው ነጠብጣባም አጋዘን ወይም ላንጉር የተባለው ዝንጀሮ የማስጠንቀቂያ ድምፅ ባሰማ ቁጥር ጂፑን አስቁሞ ሞተሩን ያስጠፋል፤ ከዚያም በመንገዱ አቧራ ላይ ያረፈውን ዳና አይቶ እንስሳው ወዴት እንዳቀና ይናገራል። ቲክ በተባለው ዛፍ በደረቀ ቅጠል መካከል ተኝተው ያገኘናቸው ሁለት እንስት አንበሶችና ደቦሎቻቸው ቀለማቸው ከቅጠሉ ጋር ፈጽሞ ስለተመሳሰለ፣ በጣቱ ባያመለክተን ኖሮ አጠገባቸው አልፈን በሄድን ነበር። ወንዱ በአብዛኛው ከእንስቶቹ ተለይቶ ስለሚኖር አብሮ አለመታየቱ የሚያስገርም አይደለም። የእስያ አንበሳ በሆዱ ሥር ርዝመቱን ይዞ በሚሄደው የቆዳ እጥፋትና፣ የወንዱ ጎፈር ሳሳ ያለ በመሆኑ ጎልተው በሚታዩት ጆሮዎቹ ከአፍሪካው ዘመዱ ይለያል።

እነዚያ አንበሶች ሰው ሲያዩ አለመደንገጣቸው ከሁሉ በላይ ነክቶኛል። በደኑ ውስጥ ማልድሃሪ የሚባሉ አርብቶ አደሮች በእሾህ አጥር በተከበቡ ትንንሽ መንደሮች ከሚያረቧቸው ጎሾች ጋር ይኖራሉ። ከብት ሲበላባቸው መንግሥት ካሳ ቢከፍልም ትዕግሥታቸው በገንዘብ ብቻ የሚለካ አይመስለኝም። የደን ጠባቂዎቹም፣ በተለይም እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የተቀጠሩት ሴቶች፣ የቆሰለ አንበሳ እስከ ማንሳት የሚደርስ ከባድ ሥራ ይሠራሉ።

ቅሬታዬ በሌላ በኩል ነው። አንበሳ መገኘቱ ሲሰማ ጂፖች በአንድ ስፍራ ይከማቻሉ፤ ጮክ ብለው የሚያወሩ ጎብኚዎችን ዝም የሚያሰኝ አስጎብኚም ሁልጊዜ አይገኝም። ከዚህ የከፋው፣ ያረፍኩበት አካባቢ አንድ ሰው በምሽት ከፓርኩ ውጪ አንበሳ ላሳይህ ማለቱ ነው። እንዲህ ያለው ትርኢት በማባበያ ሥጋ ወይም በታሰረ ከብት የሚካሄድ ሕገ ወጥ ተግባር ነው፤ አንበሳውን ከሰው ጋር ለሚያጋጭ ልማድ ይዳርገዋልና ማንም ጎብኚ ገንዘቡን ለዚህ ሊያወጣ አይገባም።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። የአንበሶቹ ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2015 ከነበረበት 523፣ በ2020 ወደ 674፣ በ2025 ደግሞ ወደ 891 አድጓል፤ ከእነዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከተከለሉት ደኖች ውጪ በእርሻና በመንደር መካከል ይኖራሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 ከሃያ በላይ አንበሶች ሲሞቱ ከምክንያቶቹ አንዱ ዲስቴምፐር የተባለው የቫይረስ በሽታ ነበር። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2013 የተወሰኑት በማድያ ፕራዴሽ ግዛት ወዳለው የኩኖ ፓርክ እንዲዛወሩ ቢወስንም አልተዛወሩም፤ ኩኖ በ2022 አቦሸማኔዎችን ተቀብሏል። መላው ዝርያ በአንድ አካባቢ ተወስኖ መቅረቱ አሳሳቢ ነው።

በማለዳውና ከሰዓት በኋላ ባለው ጉብኝት መካከል የሚተርፈውን ጊዜ፣ ከአፍሪካ የመጡ ሰዎች ዘሮች የሆኑት ሲዲዎች በሚኖሩበት በጃምቡር መንደር ማሳለፍ ይቻላል። ደኑ በየዓመቱ ከጁን 16 እስከ ኦክቶበር 15 ለጎብኚ ዝግ ነው። ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል ለማለዳው ጂፕ ወፍራም ልብስ ያስፈልጋል፤ በኤፕሪልና በሜይ ሙቀቱ ቢበረታም ቅጠል ረግፎ እንስሳቱ ወደ ውኃ ስለሚሰበሰቡ አንበሳ ማየት ይቀላል። ቢያንስ ለሁለት የተለያዩ ቀናት የማለዳ ፈቃድ ቢያዝ፣ አንዱ ቀን ያለ አንበሳ ቢያልፍ እንኳ ሌላ ዕድል ይኖራል።