ልጄን ለኮሌጅ ላበቃችው ኮች ምስጋና፣ ለሞንጎመሪ ካውንቲ ወላጆች ጥቆማ

ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዊተን፣ ጋይተርስበርግ፣ ጀርመንታውን ላላችሁ ወላጆች ነው የምጽፈው። በተለይ ልጃችሁ ዘጠነኛ ወይም አስረኛ ክፍል ከሆነ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ትልቁ ልጄ ዘንድሮ ኮሌጅ ገባ። ከቤታችን የመጀመሪያው እሱ ነው። እኔ ደሴ፣ ወይዘሮ ስህን ትምህርት ቤት 12ኛ ክፍል ተፈትኜ ነጥብ አልመጣልኝም። አባቱ ደግሞ ገና ከአስረኛ ክፍል ወደ ሥራ የወጣ ሰው ነው። ልጁ ስለ ኮሌጅ ቢጠይቀን «በርታ» ከማለት ሌላ የምንመልስለት አልነበረም። የደረሰችልን ትምህርት ቤቱ ውስጥ ያለችው፣ ኤይሲስ የሚባለው ፕሮግራም ኮች (የኮሌጅ አማካሪ) ናት። ፈቃዷን ስላልጠየቅኩ ስሟን አልጽፍም። በእጇ ያለፉት የሐበሻ ልጆች ግን ማንን እንደምል ያውቃሉ።

ኤይሲስ የሞንጎመሪ ካውንቲ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች፣ ሞንጎመሪ ኮሌጅ እና ሮክቪል ያለው የሼዲ ግሮቭ ዩኒቨርሲቲዎች ማእከል በ2013 አብረው የጀመሩት ፕሮግራም ነው። ኮቿ የኮሌጁ ሠራተኛ ናት፤ የምትውለው ግን ሃይስኩሉ ውስጥ ነው። ልጆቹን 11ኛ እና 12ኛ ክፍል ላይ ትይዛቸዋለች። ሞንጎመሪ ኮሌጅ ሲገቡ እዚያም የሚቀበላቸው ኮች አለ። ሃሳቡ ባችለር ዲግሪ እስኪይዙ እንዳይለቋቸው ነው። በነጻ ነው።

እኛ ያደግነው በአንድ ፈተና ነው። ነጥብ ከመጣልህ ምርጫህን ትሞላለህ፣ መንግሥት ይመድብሃል። እዚህ የሚመድብ የለም። ልጁ ራሱ ኮሌጅ ይመርጣል፣ ድርሰት ይጽፋል፣ ከመምህራን የድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቃል፣ እያንዳንዱ ኮሌጅ ደግሞ የራሱ ቀነ ገደብ አለው። ጎበዝ ሆኖ ሳለ ቀኑ አልፎበት የቀረ ልጅ በሰፈራችን አውቃለሁ።

ድርሰቱን ልንገራችሁ። ልጄ መጀመሪያ የጻፈው ስለ እኔ ነበር። የሌሊት ሽፍት፣ ስደት፣ እንባ። እኔ አንብቤ አልቅሻለሁ። ኮቿ አንብባ «በጣም ቆንጆ ነው፤ ግን ኮሌጅ የምትገባው እናትህ አይደለችም» አለችው። መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም። በኋላ ከሰፈር ልጆች ጋር የተጣለ ብስክሌት እየጠገነ እንደሚሸጥ ጻፈ። ቤት ውስጥ የማላውቀውን ልጅ ነው ያገኘሁት።

ትልቁ ውለታዋ ግን ገንዘቡ ላይ ነው። የመንግሥት የኮሌጅ ገንዘብ እርዳታ የሚጠየቅበትን ፋፍሳ የሚባለውን ቅጽ ሁላችሁም ሰምታችኋል። ወላጅም የራሱን አካውንት መክፈት አለበት። ሶሻል ሴኩሪቲ የሌለው ወላጅም መክፈት ይችላል። ወላጆች ተለያይተው የሚኖሩ ከሆነ ቅጹ ላይ የሚገባው ባለፉት 12 ወራት ለልጁ ይበልጥ ያወጣው ነው። ይህን ሁሉ ቁጭ ብላ አስረዳችን። (ሀገር ቤት የምንልከውን ብር ግን ቅጹ አይቆጥርልንም። ምነው ቢቆጥርልን!)

ደግሞ ልብ በሉ፣ ቅጹ የሚያየው የቆየ ታክስ ነው። የ2025-26 ፋፍሳ የጠየቀን የ2023ን ገቢ ነበር። እኔ ያኔ ሁለት ሥራ ነበረኝ፤ በ2024 አንዱ ቀረ። በወረቀት ላይ ከኪሳችን የተሻልን ሰዎች ሆንን ማለት ነው። ኮቿ «ለየኮሌጁ የገንዘብ እርዳታ ቢሮ ጻፉ፣ ማስረጃ አያይዙ፣ እንደገና እንዲያዩት ጠይቁ» አለችን። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ እንደሚቻል የነገረን ሌላ ሰው የለም። ቢሮዎቹ የመቀበል ግዴታ የለባቸውም፤ ቢሆንም ከጻፍንላቸው አንዱ ጨመረልን።

ከዚያ የእርዳታ ደብዳቤዎቹ መጡ። ከሌላ ስቴት ኮሌጅ የመጣው ትልቅ ድምር ነበረው፤ እኛም እልል ልንል ነበር። ቀይ እስክሪብቶ አወጣችና ብድሩን ሁሉ ሰረዘች። የቀረውን እንደገና ደመረችው። በየዓመቱ ከእኛ የሚጠበቀውን ከጎኑ ጻፈችና ዝም ብላ ለልጄ ሰጠችው። ይህን ምረጥ፣ ያን ተው አላለችም።

የመረጠው የሁለት ዓመት ኮሚኒቲ ኮሌጅ የሆነውን ሞንጎመሪ ኮሌጅን ነው። ኮሚኒቲ ኮሌጅ ሲባል ፊቱን የሚያጨማድድ ሐበሻ ብዙ ስለሆነ ይህችን ልበል። ፔል ግራንት የሚባለው የፌዴራል መንግሥት እርዳታ የሚመለስ ብድር አይደለም፣ ስጦታ ነው፤ ለ2025-26 ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነው። ለልጄ የመጣለት የትምህርት ክፍያውን ሸፍኖ ለመጽሐፍም ተረፈው። ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ዩኒቨርሲቲ ይዛወራል፤ ዲግሪውን የሚሰጠውም ያው ዩኒቨርሲቲ ነው። ለሰርግ ቤት ወሬ ብዬ ልጄን ዕዳ ውስጥ አልከትም።

ሁሉም ነገር እንከን የለውም አልልም። ኮቿ የያዘቻቸው ልጆች ብዙ ናቸው። ታኅሣሥና ጥር አካባቢ ለቴክስት መልስ ይዘገያል። የወላጆች ስብሰባም ብዙ ጊዜ ከእኔ ሽፍት ጋር ይጋጫል። ልጁ ራሱ ካልሄደ ደግሞ እየጎተተ የሚወስደው የለም። የእኔም ሁለት ቀጠሮ ቀርቶ ተቆጥታዋለች፣ ደግ አደረገች።

ማመልከቻው የሚሞላው አስረኛ ክፍል ላይ ነው፤ ልጁ 11ኛ ሲገባ ይጀምራል። ሁሉም ሃይስኩል ውስጥ ስለሌለ ካውንስለሩን «ኤይሲስ እዚህ አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ግሪን ካርድ ያለው፣ ጥገኝነት የተፈቀደለትም ልጅ ፋፍሳ መሙላት ይችላል። ጉዳዩ ገና ያልተወሰነለት ልጅ ያላችሁም ተስፋ አትቁረጡ። ሜሪላንድ ለፋፍሳ ብቁ ላልሆኑ ተማሪዎች የራሱ የስቴት ማመልከቻ አለው፤ መስፈርቱን ኮቿ ታውቃለች። ከካውንቲው ውጭ ያላችሁ ደግሞ አፕዋርድ ባውንድን ጠይቁ። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ያለ፣ የሃይስኩል ልጆችን ለኮሌጅ የሚያዘጋጅ የፌዴራል ፕሮግራም ነው። በአብዛኛው የሚቀበለው ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነና ወላጆቻቸው ባችለር ዲግሪ የሌላቸውን ልጆች ነው። ዲሲ የምትኖሩ ዲሲ ታግን አትርሱ፤ ከዲሲ ውጭ ባሉ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለነዋሪና ለውጭ ተማሪ ከሚጠየቀው ልዩነት እስከ ተወሰነ መጠን ይከፍላል።

አንድ ሰው ፋፍሳ ልሙላላችሁ ብሎ 300 ዶላር ጠይቆን ነበር። ቅጹ ነጻ ነው። አትክፈሉ።

ለኮቿ፣ እግዜር ይስጥልን። ሁለተኛዋ ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ናት፤ ደርሳብሻለች፣ ተዘጋጂ። የተቸገራችሁ ወላጆች በውስጥ ጻፉልኝ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ የለኝም። የይለፍ ቃላችሁን ግን ለእኔም ቢሆን እንዳትልኩ።