«ስኳር የለውም» የሚል ስቲከር ካያችሁ በጥፍራችሁ ፋቅ አድርጉት

ሰላም የሰፈሬ ሰዎች። ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬና ገላን አካባቢ ያላችሁ በተለይ ይሄን አንብቡት። ባለፈው ሳምንት 1,560 ብር ከፍዬ ለእናቴ ስኳር ገዛሁላት። እናቴ የስኳር በሽተኛ ናት። የገዛሁላት ደግሞ በካርቶን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እማዬ እኔ ጋ ከመጣች አራት ወሯ ነው። የቱሉ ዲምቱን የከሰዓት ፀሐይና አቧራ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ቤታችን አራተኛ ፎቅ ነው፣ መስኮቱ ወደ ምዕራብ ነው፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምጣድ ይሆናል። ትኩስ ነገር አያሰኝም። ለስላሳ ለእሷ አይሆንም። ጾም ስለሆነ ወተት የገባበት ነገር የለም። ውሃ ብቻ ሰለቻት። «አንድ ቀዝቀዝ ያለ ነገር ጠፍቶ ነው?» ትለኛለች።

መጀመሪያ ካፌ ሞከርኩ። ከአደባባዩ ወረድ ብሎ ካሉት ሦስቱ ጋ ገባሁ። አንደኛው ጋ «አይስ ቲ አላችሁ?» ስል (ቀዝቃዛ ሻይ ማለቴ ነው) አስተናጋጇ «አለ» አለችኝ። «ያለ ስኳር ይሆንልኛል?» ስላት ሳቀች። «ስኳሩ እኮ ውስጡ ነው የኔ እናት» አለችኝ። ዱቄት ነው ለካ። ከዕቃው በማንኪያ ይወጣል፣ ውሃ ውስጥ ይበጠበጣል፣ በቃ። ልጅቷን ግን አመሰግናታለሁ፣ ቢያንስ እውነቱን ነገረችኝ። ሁለተኛው ቤት «ይቻላል» ተባልኩና ከጠዋት ጀምሮ በራድ ውስጥ ሲንተከተክ የዋለ ሻይ ላይ በረዶ ጥለው አመጡልኝ። ምሬቱ ኮሶ ነው። ሦስተኛው ጋ አስተናጋጁ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ስኳር አለብሽ እንዴ?» አለኝ። አጠገቤ የተቀመጡት ሁሉ ዞረው አዩኝ። እኛ አገር ያለ ስኳር ሻይ ማዘዝ የላቦራቶሪ ውጤት ለሕዝብ እንደ ማንበብ ነው።

ከዚያ ቴሌግራም ላይ አየሁት። ቻናሉ የሱፐርማርኬት ዕቃ ይሸጣል፣ ብዙ ተከታይ አለው። «ስኳር የሌለው አይስ ቲ፣ ለስኳር ሕሙማን ተስማሚ፣ ኦሪጅናል የውጭ፣ 12 ፍሬ፣ ያላችሁበት እናደርሳለን» ይላል። ፎቶው ላይ ጠርሙሱ ላይ ላብ ያለበት፣ ሎሚ አጠገቡ ያለ፣ ምኑ ቅጡ። ደወልኩ። ልጁ ትሁት ነው፣ «የኔ እህት» ከአፉ አይጠፋም። ቅድሚያ ክፍያ አለኝ። የላከልኝ የሂሳብ ቁጥር የድርጅት ሳይሆን የግለሰብ ነበር። እዚህ ጋ መንቃት ነበረብኝ። አልነቃሁም። ሙቀቱ ነው መሰለኝ።

ካርቶኑ በሞተር መጣ። ደረሰኝ የለውም። ባለ ግማሽ ሊትር ጠርሙስ ነው፣ ጀርባው ላይ ወርቃማ ስቲከር ተለጥፎበታል፤ በአማርኛ «ስኳር የለውም» ይላል። አቀዘቀዝኩና ለእማዬ ቀዳሁላት። አንድ ጊዜ ተጎነጨችና ብርጭቆውን አስቀመጠችው።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ነገር ይጣፍጣል።»

«በስኳር አይደለም እማዬ፣ ሌላ ማጣፈጫ ነው» አልኳት። ይሄንን ከየት አመጣሁት? ሻጩን በጽሑፍ ጠይቄው «ስቴቪያ ነው የኔ እህት፣ ቅጠል ነው፣ ምንም አያደርግም» ብሎኝ ነው። ምላሷ እየነገራት እኔ ተከራከርኳት። አሁን ሳስበው የሚያናድደኝ ብሩ ሳይሆን ይሄ ነው።

በሁለት ቀን ሁለት ጠርሙስ ጠጣች። እኔም ሁለት አጋዝኳት። በሁለተኛው ቀን ማታ የደም ስኳሯን በጣቷ ስትለካ 278 አነበበ። ጠዋት 130 ነበረች። ምሳዋ ያው ሽሮ ነው፣ እንጀራዋም የተለመደው ግማሽ። መድኃኒቷን አልዘለለችም። ሁለታችንም መለኪያውን አይተን ዝም አልን፣ ከዚያ ሁለታችንም ጠርሙሱን አየነው።

ባዶውን ጠርሙስ አንስቼ ስቲከሩን በአውራ ጣቴ ጥፍር ጠርዙ ላይ ፋቅ ፋቅ አደረግኩት። ሙጫው የጽሕፈት መሣሪያ ቤት ስቲከር ሙጫ ነው፣ በቀላሉ ተነሳ። የተለጠፈው የትም ቦታ አይደለም፣ ልክ የይዘት ሠንጠረዡ ላይ ነው። ከሥሩ በትንንሽ ፊደል በእንግሊዝኛ የተጻፈው ወጣ፦ ውሃ፣ ስኳር፣ ሲትሪክ አሲድ፣ የሻይ ጭማቂ እያለ ይወርዳል። ስኳር ሁለተኛ ነው። የምግብ ይዘት ዝርዝር ከብዙ ወደ ጥቂት ነው የሚደረደረው፣ ስለዚህ እዚያ ጠርሙስ ውስጥ ከሻይ ይልቅ ስኳር ይበዛል ማለት ነው። ሠንጠረዡ በ100 ሚሊ ሊትር 7.6 ግራም ይላል። ጠርሙሱ 500 ነው። በአምስት አባዙት፣ 38 ግራም። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ስለሆነ ወደ ዘጠኝ ተኩል ማንኪያ ነው። ዘጠኝ ማንኪያ ስኳር ሻይ ውስጥ የሚጨምር ሰው አይታችኋል? የዓለም ጤና ድርጅት ለጤነኛ አዋቂ ሰው እንኳን የተጨመረ ስኳር ከቀን ጉልበቱ ከ10 በመቶ በታች፣ ቢቻል ከ5 በመቶ በታች ይሁን ይላል። አምስት በመቶው በግምት 25 ግራም ነው። እማዬ በአንድ ጠርሙስ አልፋዋለች።

የጠርሙሱን ፎቶ ለልጁ ላክሁለት። «አይ የኔ እህት፣ እሱ የድሮው ፓኬት ነው፣ ውስጡ ተቀይሯል» አለኝ። ብሬን መልስ አልኩት። ብሎክ አደረገኝ። ይኸው ነው ታሪኩ።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ስቲከር የለጠፈ ሌባ አንድ ነገር ነው፤ ሳይዋሽ የሚያሳስት ጠርሙስ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፣ ሱቁ ሁሉ በእሱ የተሞላ ነው። «የተጨመረ ስኳር የለውም» ማለትና «ስኳር የለውም» ማለት አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ውስጥ የፍራፍሬ ጭማቂ ሊኖር ይችላል፣ ጭማቂው የራሱ ስኳር አለው። «ዜሮ» ወይም «ዳይት» የሚለው ስኳር ላይኖረው ይችላል፣ ግን አስፓርቴም፣ ሱክራሎዝ ወይም አሴሰልፌም የሚባሉ ማጣፈጫዎች ይኖሩታል። ቁጥር ብቻ ከተጻፈ ኢ 950፣ ኢ 951፣ ኢ 955 የሚሉትን ፈልጉ። እነዚህ ስኳር እንደ ሚያወጣው ደም ውስጥ ስኳር አያወጡም፣ ግን ያልጣፈጠ ሻይ አይደሉም፣ እንደ ከረሜላ ነው የሚጣፍጡት። ጭራሽ ምንም ያልገባበት ሻይ ከፈለጋችሁ ዝርዝሩ ላይ ውሃና ሻይ፣ ቢበዛ ሎሚ ወይም ቫይታሚን ሲ ብቻ ነው መኖር ያለበት። እኔ በዚህ አካባቢ ሱቆች እንዲህ ያለ ጠርሙስ አላገኘሁም። ቦሌ በኩል ያገኛችሁ ካላችሁ ንገሩኝ፣ ታክሲ ተሳፍሬ እመጣለሁ ማለት ግን አይደለም።

አንድ ሌላ ዘዴም አላቸው። ሠንጠረዡን «በአንድ ጊዜ መጠን» ብለው ይጽፉታል። መጠኑ 200 ወይም 250 ሚሊ ሊትር ይሆናል፣ ጠርሙሱ 500። ግማሹን ጠጥቶ ክዳኑን የሚዘጋ ሰው ያለ ይመስል። ሁልጊዜ በ100 ሚሊ ሊትር የሚለውን ብቻ እዩ። ዱቄቱ ላይ ደግሞ ግሉኮስ፣ ዴክስትሮዝ፣ ፍሩክቶስ፣ ማልቶዴክስትሪን የሚሉ ስሞች ካያችሁ የስኳር ዘመዶች ናቸውና አትከራከሩ፣ መልሳችሁ መደርደሪያው ላይ አስቀምጡት።

ደረሰኝ ሳትቀበሉ ደግሞ አትግዙ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል፣ ግን ያለ ደረሰኝ ከማን ነው የገዛሁት ብዬ ልናገር? የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ ስልክ 8482 ነው፣ ደውዬ ነግሬያለሁ።

እሺ፣ ታዲያ ምን እንጠጣ? ቤት መሥራት ነው። ከሰፈር ሱቅ 100 ግራም የአገራችንን ቅጠል ገዛሁ። ከካፋ ውሽውሽ ወይም ከኢሉባቦር ጉመሮ የሚመጣው ለዚህ ከበቂ በላይ ነው፣ የውጭ ቅጠል አትፈልጉ። ዋጋው ከአንዷ ሌባ ጠርሙስ አነሰ። ለአንድ ሊትር 10 ግራም፣ ማለትም አምስት የሻይ ማንኪያ ያህል ነው የምጠቀመው። 100 ግራሙ አሥር ሊትር ያወጣል፣ በእነዚያ ጠርሙሶች ቢቆጠር ሃያ።

የመጀመሪያ ሙከራዬ አላማረም። እንደ ወትሮው አፍልቼ ወዲያው ፍሪጅ ከተትኩት። ስመለስ ደፍርሷል። እማዬ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጋ አየችውና «ጉሽ ነው እንዴ የሰጠሽኝ?» አለችኝ። አልተበላሸም፤ ሻይ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው ታኒን (ጥርስ የሚያደርቀው ነገር) እና ካፌይን እየተያያዘ ነው የሚያደፈርሰው። በተለይ ጠንከር ብሎ ፈልቶ በድንገት ሲቀዘቅዝ ይብሳል። ትንሽ የፈላ ውሃ ጠብ ቢደረግበት ይጠራል።

አሁን የማደርገው ይሄ ነው። ውሃ ማታ አፈላለሁ። አፍልቼ አቀዘቅዛለሁ፣ ይሄን አትዝለሉት። በቀዝቃዛ ውሃ የሚዘፈዘፍ ሻይ ጀርም የሚገድል ሙቀት አያገኝም፣ የእኛ ውሃ ደግሞ በፈረቃ መጥቶ ሮቶ ውስጥ ስንት ቀን እንደ ተኛ ሁላችንም እናውቃለን። የቀዘቀዘውን ውሃ ጆግ ውስጥ አደርግና ቅጠሉን ጨምሬ፣ ከድኜ ፍሪጅ ውስጥ አሳድረዋለሁ። ስምንት ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። ጠዋት በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ አጠለዋለሁ። የእኛ ቅጠል ደቃቅ ስለሆነ በማጥለያ ብቻ ዝቃጩ ያልፋል።

ልዩነቱን ቅመሱት። ቀዝቃዛ ውሃ ከቅጠሉ ምሬቱንና ጥርስ የሚያደርቀውን ነገር እንደ ፈላ ውሃ አያወጣውም። ለዚህ ነው ስኳር የማይጠይቀው። እኔ እንደ ገባኝ እኛ ስኳር የምናበዛው ሻዩን ስለምናንገበግበው ነው። ቀኑን ሙሉ እሳት ላይ የዋለ በራድ ያለ ስኳር ማን ይደፍረዋል?

ማታ ከረሳችሁና አሁኑኑ ከፈለጋችሁ ያንኑ 10 ግራም ቅጠል በግማሽ ሊትር የፈላ ውሃ ላይ ሦስት አራት ደቂቃ ብቻ፣ ከዚያ አጥላችሁ ብዙ በረዶ ላይ። በረዶው ሲቀልጥ ልኩ ይመጣል። በረዶውም ከፈላ ውሃ ይሁን፤ ቅዝቃዜ ጀርም አይገድልም።

እማዬ ውሃው ሲፈላ አንድ ስንጥር ቀረፋና ሁለት ፍሬ ቅርንፉድ ትጨምራለች፣ ከውሃው ጋር ይቀዘቅዛሉ። ቀረፋው ሽታው ራሱ ምላስን ያታልላል፣ ጣፋጭ ይመስላል። ሎሚ ከጨመቃችሁበት ቀለሙ ፈዘዝ ይላል፣ አትደንግጡ፣ አሲዱ ነው። ሄል ሞክሬ አልወደድኩትም፣ ቀዝቅዞ ሳሙና ሳሙና ይላል። የእናንተ ምላስ ሌላ ሊሆን ይችላል።

መብራት ከሄደ ብዙ አትቆጥቡት። ባለፈው ረቡዕ ከጠዋት እስከ ማታ ጠፍቶ ነበር፣ አንድ ሊትሩን ማጠቢያው ውስጥ ደፋሁት። ፍሪጁ ሲሠራም ከሁለት ቀን በላይ አላቆየውም። ሌላ አንድ ነገር፣ ሻይ ከምግብ የምናገኘውን ብረት ሰውነታችን እንዳይወስድ ስለሚያደርግ ደም ማነስ ያለባችሁ ከምግብ ጋር ሳይሆን አንድ ሰዓት ያህል ቆይታችሁ ጠጡት።

እማዬ ትናንት ማታ 141 ነበረች። ከመተኛቷ በፊት ጆጉን ራሷ ሞልታ ፍሪጅ አስገባችው፣ ቅጠሉንም ራሷ ሰፈረች። እኔን አላመነችም መሰለኝ።

የቀሩት ስምንት ጠርሙሶች በረንዳ ላይ ናቸው። ማስረጃ ስለሆኑ ስቲከራቸውን አልነካሁም። የታችኛው ፎቅ ልጆች ግን ዓይናቸውን ጥለውባቸዋል፣ የበረንዳውን በር እየቆለፍኩ ነው የምወጣው።