ማይ ሄሪቴጅ የዲኤንኤ ምርመራ፦ «ሞቷል» የተባለ ወንድም ወይም እህት ለሚፈልጉ

ማይ ሄሪቴጅ የእርስዎን ዲኤንኤ ከሌሎች ተመርማሪዎች ጋር አመሳክሮ የዘመድ ዝርዝር የሚሰጥ ድርጅት ነው። ምርመራው ፍሬ የሚያፈራው የጠፋው ሰው ራሱ ወይም ልጁ ሲመረመር ነው። በጉዲፈቻ ወደ አሜሪካና አውሮፓ የሄዱ ልጆች የሥጋ ዘመድ ፍለጋ ስለሚመረመሩ፣ ተዝካሩ የወጣለት ልጅ እዚያ ሊገኝ ይችላል። የዘመድ ዝርዝሩ ባዶ ቢሆን ሞቷል ማለት አይደለም፤ ከእኛ ሰው የተመረመረው ገና ጥቂት ነው።

ናሙናው በ2 የጉንጭ ጥጥ ይወሰዳል። ምራቅ በብልቃጥ ከሚጠይቀው ሌላው መርማሪ ድርጅት አንሴስትሪ ይልቅ አፋቸው ለሚደርቅ አዛውንት ይህ ይሻላል። ከመውሰድዎ በፊት ለ30 ደቂቃ አይብሉ፣ አይጠጡ፤ የምግብ ቅሪት ናሙናውን ሊያበላሸው ይችላል።

ዋናው ነገር የሴንቲሞርጋን ቁጥሩ ነው፤ ይኸውም ሁለት ሰዎች የሚጋሩት ዲኤንኤ መለኪያ ነው። ከየትኛው ሕዝብ እንደሚወለዱ የሚገምተውን የዘር መቶኛ ይለፉት። የአንድ እናትና አባት ልጆች በአማካይ 2,600 ገደማ ይጋራሉ፤ በአንድ ወላጅ ብቻ የሚገናኙ ደግሞ 1,750 ገደማ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ አጎት፣ አክስትና አያትም በዚሁ ልክ ስለሚመጡ ዕድሜ ያመሳክሩ። ሁለት ሴቶች በአባት የሚገናኙ ከሆነ ከአባታቸው የወረሱት ኤክስ ክሮሞዞም ሙሉ በሙሉ አንድ ነው፤ የምርመራውን ጥሬ መረጃ ጄድማች በተባለው የዲኤንኤ ማመሳከሪያ ድረ ገጽ ላይ ጭነው ማየት ይቻላል።

እናት በሕይወት ካሉ መጀመሪያ እሳቸው ይመርመሩ። ከልጃቸው ጋር የሚጋሩት 3,400 አካባቢ ስለሆነ ጥርጣሬ አይኖርም። ምሥጢሩን ይዘው የኖሩት ግን እሳቸው ሊሆኑ ይችላሉና፣ ምን ሊወጣ እንደሚችል አስረድተው ሳያስፈቅዱ ናሙና አይውሰዱ።