ለልጄ የስፖርት መምህር ምስጋና፣ ለወላጆችም ጥቆማ

በምዕራብ ሲድኒ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የ14 ዓመት ልጄን ላለፉት ሁለት የትምህርት ወቅቶች (ተርም) ላሠለጠኑት የስፖርት መምህር ያለኝን ምስጋና በአደባባይ ለመግለጽ ስመኝ ቆይቻለሁ። ስማቸውን ሳላስፈቅድ መጻፍ ተገቢ ስላልሆነ ትቼዋለሁ፤ የሠሩትን ግን ልጆቻችሁን በዚህ አገር የምታሳድጉ ወገኖቼ እንድታውቁት እወዳለሁ።

በሰፈራችን ብዙዎቻችን በፈረቃ የምንሠራ፣ የጂምም ሆነ የእግር ኳስ ክለብ ክፍያ የሚከብደን ወላጆች ነን። ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመለስ እኔ ሥራ ላይ ስለምሆን፣ ጊዜውን የሚያሳልፈው በስልክና በጌም ነበር፤ ከፍሪጁ ለስላሳ እንዳይጠፋ የማደርገውም እኔው ነበርኩ። ወፍሮ ሳየው አልደነገጥኩም፤ እኛ ዘንድ «ወፈርክ፣ አማረብህ» ማለት ሙገሳ ነውና። ልጁ ግን በስፖርት ቀን ሆዴን አመመኝ እያለ መቅረት ጀምሮ ነበር። ለኳስ ቡድን ሲከፋፈሉ ሁልጊዜ መጨረሻ የሚቀረው እርሱ መሆኑን የሰማሁት በኋላ ከመምህሩ ነው።

መምህሩ ልጆቹን ሚዛን ላይ አላወጡም፤ በጓደኞቻቸው ፊትም የማንንም ውፍረት አላነሡም። የጀመሩት ከጉልበት ነው። ላስቲክ መሳብ፣ ፑሽ አፕና ቁጭ ብድግ እያሠሩ፣ ከብዛቱ ይልቅ የአሠራሩን ትክክለኛነት ይከታተሉ ነበር። በሩጫ ወደኋላ የሚቀር ከባድ ልጅ በዚህ ዓይነቱ ልምምድ ከእኩዮቹ አያንስም፤ አንዳንዴም ይበልጣቸዋል። ልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ «ጠንካራ» የተባለው እዚያ ነው፤ አሁን በምሳ ሰዓት ታናናሾቹን ያለማምዳል።

አሠራሩ በጥናት የተፈተነ መሆኑንም መምህሩ አስረድተውኛል። የአውስትራሊያው የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች «አትላስ» በተባለ ፕሮግራም፣ ሲድኒ በምትገኝበት በኒው ሳውዝ ዌልስ ክፍለ ግዛት ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አካባቢዎች በሚገኙ 14 ትምህርት ቤቶች፣ 361 ወንዶች ልጆችን አሳትፈው ለ20 ሳምንታት የተሰጠውን ሥልጠና ፈትነው፣ ውጤቱን በ2014 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። በክብደት ልኬት ረገድ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም፤ ሆኖም ሥልጠናውን ያገኙት ልጆች ካላገኙት ጋር ሲነጻጸሩ ስክሪን ላይ የሚያሳልፉት ጊዜ በቀን በግማሽ ሰዓት ያህል አንሷል፣ ጣፋጭ መጠጥ ቀንሰዋል፣ ጡንቻቸውም በርትቷል። መምህሩን ይበልጥ ያመንኳቸው የክብደቱን ነገር ሳይሸሽጉ ስለነገሩኝና ልጄን እንደሚያከሱልኝ ቃል ስላልገቡ ነው።

ለወላጆች በላኩት ደብዳቤ ላይ 375 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ቆርቆሮ ኮካ 40 ግራም ገደማ፣ ማለትም 10 የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር እንዳለው አነበብኩ። ለልጄ ሻይ ላይ ያን ያህል ስኳር ብጨምር እናቴ ምን ትለኝ እንደነበር አውቃለሁ። ከዚያ ወዲህ ለስላሳ ቤታችን የሚገባው ለበዓል ብቻ ነው፤ የራት ሰዓት ደግሞ የእኔም ስልክ ጭምር ከማዕድ ይርቃል።

ስለዚህ ወንድ ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ የትምህርት ቤታችሁን የስፖርት መምህር ቀርባችሁ የጉልበት ልምምድ ይሰጥ እንደሆነ፣ በኳስ የማይሳካላቸው ልጆችስ ምን እንደሚሠሩ ጠይቁ። እኛ ለዚህ ሥልጠና ከኪሳችን ያወጣነው ገንዘብ የለም። እንግሊዝኛው የሚያስቸግራችሁ ካላችሁ አብሬያችሁ ለመሄድ ፈቃደኛ ነኝ።

መምህር፣ ይህንን ልጄ ተርጉሞ ያነብልዎታል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።